በጣት የተወለደ፣ በቀለም የታሰረ

ዲሴምበር 22 ቀን 1808 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቪየናው ቴአትር አን ደር ቪን የተሰበሰበው ታዳሚ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል በብርድ ሲንቀጠቀጥ አመሸ። ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን በዚያች አንድ ምሽት አምስተኛና ስድስተኛ ሲምፎኒዎቹን፣ አራተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ፣ ከቅዳሴ ሙዚቃው የተወሰዱ ክፍሎችንና ሌሎችንም አቀረበ። ለማሳረጊያ በጥድፊያ የጻፈው ደግሞ ፒያኖን፣ ኦርኬስትራንና መዘምራንን በአንድነት ያሰለፈ ሥራ ነበር። ዛሬ «ኮራል ፋንታሲ» ወይም ኦፐስ 80 ይባላል። ልምምዱ በቂ ስላልነበረ ተጫዋቾቹ መሀል ላይ ተለያዩ፤ ከፊሉ አንድ ክፍል ሲደግም ከፊሉ አልፎ ሄደ። ቤትሆቨን አስቁሞ እንደ አዲስ አስጀመራቸው።

ከዚህ ግርግር ይልቅ ለፍልስፍና ጥያቄ የሚሆነው ግን ከግርግሩ በፊት የሆነው ነው። ፋንታሲው የሚከፈተው በፒያኖ ብቻ ነው፤ በዚያ ምሽት ደግሞ ይህ መክፈቻ በወረቀት ላይ አልነበረም። ቤትሆቨን ፒያኖው ፊት ተቀምጦ እዚያው እየፈጠረ ተጫወተው። ዛሬ የምናውቃቸውን 26 ሜዠሮች የጻፋቸው ቆይቶ በ1809 ነው። ሥራው በ1810 ለንደን፣ በ1811 ላይፕዚግ ታተመ። ስለዚህ ፒያኒስት ያንን ገጽ ሲገልጥ ፊቱ የሚያገኘው ድንገት የፈለቀውን ሙዚቃ ሳይሆን ደራሲው ከወራት በኋላ በርጋታ ያሰፈረውን ነው። የምሽቱ ድምፅ ከአዳራሹ አየር ጋር አልፏል።

ታዲያ ለሥራው ታማኝ ልሁን ያለ ፒያኒስት፣ ታማኝነቱ ለማን ነው? ለወረቀቱ ነው ወይስ ወረቀቱን ለቀደመው ድርጊት? የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ጥያቄ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፤ መምህሩ በማኅሌት የዘረፉት ቅኔ በብራና ሲሰፍር ቃሉ አንድም ሳይጎድል ይቀመጣል፣ የተወለደበት ትኩሳት ግን አብሮት አይሰፍርም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 ባሳተመው «የጥበብ ቋንቋዎች» በተሰኘው መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ ጥብቅ መልስ ሰጥቷል። እንደ እሱ ደንብ፣ አጨዋወት የአንድ ድርሰት አጨዋወት የሚባለው ከኖታው ጋር ሙሉ በሙሉ ሲስማማ ነው፤ አንዲት ኖታ ከተሳተች የተሰማው ያ ድርሰት አይደለም። ጉድማን ይህ ለሙዚቀኞች ጆሮ እንግዳ እንደሚሆን አልጠፋውም። አንድ ስሕተት ከተፈቀደ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ አንዲት ኖታ እየለወጡ ከቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ተነሥቶ የሕፃናት ዘፈን ላይ መድረስ ይቻላል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ በሥነ አመክንዮ በኩል ቀላል አይደለም። በፋንታሲው ላይ ሲውል ግን ይሰበራል። በዚህ ደንብ ከሄድን ቤትሆቨን በ1808 የራሱን ሥራ አልተጫወተም ማለት ነውና። መክፈቻው ገና አልተጻፈም፣ የቀረውም መሀል ላይ ፈርሷል። ደራሲውን ከገዛ ድርሰቱ የሚያስወጣ ደንብ አንድ የጎደለው ነገር አለ።

ፈላስፋዋ ሊዲያ ጎር በ1992 ባወጣችው «የሙዚቃ ሥራዎች ምናባዊ ሙዚየም» በተባለ መጽሐፏ ይህን ጉድለት ከታሪክ አንጻር ታብራራዋለች። ሙዚቃ ማለት ተጠናቅቆ የተቀመጠ፣ ሊነካ የማይገባው «ሥራ» ነው የሚለው አስተሳሰብ በአውሮፓ የሙዚቃ ኑሮ ላይ ገዥ የሆነው ወደ 1800 ገደማ ነው ትላለች። ከዚያ በፊት የነበሩት ሙዚቀኞች በአመዛኙ ለአንድ በዓል፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለአንድ መስፍን ግብር የሚጽፉ፣ እየተጫወቱም የሚለውጡ ነበሩ። ፋንታሲው የቆመው በዚህ ደፍ ላይ ነው። አንድ እግሩ በአሮጌው ዓለም፣ ማለትም ሰው ፊት በሚፈጠር ሙዚቃ ውስጥ፣ ሌላው እግሩ ደግሞ በማተሚያ ቤት ነው።

የፋንታሲውን የድምፅ ቅጂዎች ማወዳደር ከጣዕም ጨዋታ የሚያልፈውም በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ፒያኒስት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ሳያውቀውም ቢሆን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ግልጹን መልስ የሰጠው ፒያኒስቱ ሮበርት ሌቪን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከኦርኬስትራ መሪው ጆን ኤሊየት ጋርዲነር፣ ከኦርኬስትር ሬቮሉስዮኔር ኤ ሮማንቲክና ከሞንቴቨርዲ መዘምራን ጋር ፋንታሲውን ሲቀርጽ የተጫወተው በዘመናዊ ፒያኖ ሳይሆን በቤትሆቨን ዘመን በነበረው ዓይነት ፎርቴፒያኖ ነው፤ ድምፁ ደረቅና ፈጣን፣ ቶሎ የሚጠፋ። የተጻፈውን መክፈቻ ተጫውቶ ግን አላበቃም፤ በዚያው ዲስክ ላይ ራሱ ያፈለቃቸውን አማራጭ መክፈቻዎች ጨመረ። ሌቪን የሞዛርትን ሬኩዊየም ያሟላ፣ በኮንሰርቶዎች ውስጥ ካዴንዛን መድረክ ላይ እየፈጠረ የሚጫወት ምሁር ነው፤ የቤትሆቨንን አነጋገር እንደ አፍ መፍቻው ይናገረዋል። መክፈቻዎቹን ተከታትሎ ያዳመጠ ሰው የጉድማን ደንብ ምን እንደጎደለው በጆሮው ይረዳል። ሆኖም አንድ ቅሬታ ይቀራል። የሌቪን ፈጠራም ዲስክ ላይ ከሰፈረ በኋላ ሁለተኛ ሲሰማ ያው የታሰረ ነው። ከዚያም በላይ የቤትሆቨን 26 ሜዠሮች ከማንኛውም ምትክ የሚበልጡ ናቸው፤ በሲ ማይነር የሚወድቁት ከባድ ኮርዶች፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጡት ረጃጅም ሩጫዎች፣ ሐሳቡ ሊጨበጥ ሲል የሚያመልጥበት ሁኔታ በሌላ እጅ አልተተኩም።

ማውሪዚዮ ፖሊኒ ተቃራኒው ጫፍ ላይ ይገኛል። በ1980ዎቹ ከመሪው ክላውዲዮ አባዶና ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ባደረገው ቅጂ እያንዳንዷ ኖታ በቦታዋ፣ እያንዳንዱ ኮርድ እኩል ተመዝኖ ይሰማል። መክፈቻው እንደ ተጠረበ ድንጋይ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ንጽሕና ማድነቅ ተገቢ ነው፤ ግን የሚፈልግ ሰው አይሰማበትም። ፖሊኒ ከመጀመሪያው ኮርድ ጀምሮ የት እንደሚደርስ ያውቃል፣ አድማጩም ማወቁን ያውቅበታል። ከዚያው ከአባዶ ጋር፣ በዲሴምበር 31 ቀን 1991 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የተጫወተው የ20 ዓመቱ ኢቭጌኒ ኪሲን የበለጠ እሳት አለው። እሳቱ ግን የጣት ነው፤ ችሎታው ከጥያቄው ቀድሞ ይደርሳል።

አልፍሬድ ብሬንደል በ1977 ከመሪው በርናርድ ሃይቲንክና ከለንደን ፊልሃርሞኒክ ጋር የሠራው ቅጂ ሌላ መንገድ ያሳያል። ብሬንደል ለድርሰት ታማኝ መሆን የሚባለውን ነገር በጽሑፎቹም የመረመረ ፒያኒስት ነበር፤ ኖታን መታዘዝና ኖታን መረዳት አንድ አለመሆናቸውን ያውቃል። መክፈቻውን ሲጫወት በኮርዶቹ መካከል ያሉትን ዝምታዎች በጥንቃቄ ይለካል፤ የሚናገር ሰው ቃል ሲመርጥ እንደሚያደርገው። ጉልበቱ ከፖሊኒ ያንሳል። አሳማኝነቱ ይበልጣል።

መክፈቻው ካበቃ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ባሶችና ቼሎዎች ከሩቅ እንደሚሰማ የእግር ኮቴ ዝቅ ብለው ይገባሉ፤ ፒያኖው ይመልስላቸዋል። ቀንደ መለከትና ኦቦ ይጣራሉ። ከዚያ ፒያኖው አንድ ቀላል ዜማ በሲ ሜጀር ያሰማል። ዜማውን ቤትሆቨን ወደ 1795 ገደማ በጎትፍሪድ አውጉስት ቡርገር ግጥም ላይ ከሠራው «ጌገንሊበ» ከተባለ የፍቅር ዘፈኑ የወሰደው ነው፤ ለዘጠነኛው ሲምፎኒ የደስታ ዜማም የቅርብ ዘመድ ነው። ቤትሆቨን ራሱ በ1824 ለአሳታሚ በጻፈው ደብዳቤ የአዲሱን ሲምፎኒ መደምደሚያ ሲገልጽ ይህን ፋንታሲ ጠቅሶ፣ የአሁኑ ግን እጅግ የሰፋ መሆኑን አስታውቋል። ፒያኖው ዜማውን አሰምቶ ለራሱ አያስቀረውም። ዋሽንት ይቀበለዋል፤ ከዋሽንት ኦቦዎች፣ ከኦቦዎች ክላርኔቶችና ባሶን፣ ከእነርሱ ባለ ክሮቹ፣ በመጨረሻም ኦርኬስትራው በሙሉ።

ብዙ ፒያኒስቶች የሚወድቁት እዚህ ነው። መክፈቻውን በግርማ ተጫውተው ዜማውን ሲያስረክቡ ግን ጌታ ሆነው ይቀራሉ፤ ዋሽንቱ በሚጫወትበት ሰዓት ፒያኖው የሚጨምራቸውን ጌጦች አጉልተው ያሰማሉ። ኦቶ ክሌምፐረር በ1967 ከኒው ፊልሃርሞኒያ ጋር ገና በሃያዎቹ አጋማሽ የነበረውን ዳንኤል ባረንቦይምን ይዞ በሠራው ቅጂ ላይ ይህ አይሆንም። ሰማንያውን ያለፈው መሪ ፍጥነቱን ገትቶ እያንዳንዱ መሣሪያ ለመናገር ጊዜ እንዲያገኝ አድርጓል፤ ወጣቱ ፒያኒስትም በሽማግሌው እርምጃ መሄድን ተቀብሏል። ባረንቦይም በ1990ዎቹ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ሲቀርጸው ራሱ መሪም ፒያኒስትም ሆኖ ነው። ኦርኬስትራው ዕጹብ ነው፤ የሚነጋገሩ ሁለት ፈቃዶች ግን አይሰሙበትም፤ የሁሉም ምንጭ አንድ ሰው ሆኗል። ሌይፍ ኦቨ አንድስነስም በ2014 ፕራግ ውስጥ ከማህለር ቻምበር ኦርኬስትራ ጋር ከፒያኖው ላይ ሆኖ መርቷል። የእሱ ግን እንደ ቻምበር ሙዚቃ የጠራ ስለሆነ መደማመጡ አልጠፋም፤ ከአዳዲሶቹ ቅጂዎች ሁሉ ልብ የሚያሳርፈው ይኸኛው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚቆመው ሩዶልፍ ሰርኪን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው።

ሰርኪን በ1903 በቦሄሚያዋ ኤገር ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በበርሊን ከቫዮሊኒስቱ አዶልፍ ቡሽ ጋር ኖረ፣ አብሮት ተጫወተ፣ ልጁንም አገባ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የጀርመን መድረክ ተዘጋበት፤ አይሁዳዊ ያልሆነው ቡሽም በዚያ አገር አልጫወትም ብሎ አብሮት ተገለለ። በ1939 ሰርኪን አሜሪካ ሄዶ ሰፈረ። በ1951 ከቡሽና ከጓደኞቻቸው ጋር በቬርሞንት ገጠር የማርልቦሮን የሙዚቃ ፌስቲቫል መሠረቱ፤ ዕውቅ ሙዚቀኞችና ወጣቶች በጋውን አብረው እየኖሩ የሚሠሩበት ቦታ። በማርልቦሮ የበጋውን የመጨረሻ ዝግጅት በኮራል ፋንታሲ መዝጋት ልማድ ሆነ። መዘምራኑ ቅጥር ዘማሪዎች አይደሉም፤ በዚያ ሥራ ላይ የማይጫወቱ ሙዚቀኞች፣ የፌስቲቫሉ ሠራተኞች፣ ቤተሰቦች ተሰልፈው ይዘምራሉ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃንስ-ጌኦርግ ጋዳመር በ1960 በታተመው «እውነትና ዘዴ» ላይ ስለ ኪነ ጥበብ ህልውና ሲጽፍ በዓልን ምሳሌ አድርጎ ነበር። በዓል በየዓመቱ ይመለሳል፣ በየዓመቱም ልዩ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ብቻ እውነተኛ ሌላው ቅጂ አይባልም፣ ያለው ሲከበር ነውና። ማርልቦሮ ይህንን ሐሳብ በተግባር አኖረው። የጉድማን ደንብ መመለስ ያቃተውን ጥያቄ ጋዳመር ይመልሰዋል፤ ፋንታሲው በ1808 አንድ ጊዜ ተከብሮ ያለፈ ሳይሆን በተጫወቱት ቁጥር የሚሆን ነገር ነው።

ሰርኪን በ1962 ከመሪው ሊዮናርድ በርንስታይን፣ ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክና ከዌስትሚንስተር መዘምራን ጋር የቀረጸው ይህን የተረዳ ሰው አጨዋወት ነው። ከጽሑፉ አንድም ነገር አልለወጠም። ነገር ግን መክፈቻውን ሲጫወት ቀጣዩ ኮርድ ገና ያልተወሰነ ያህል ይሰማል። ሩጫዎቹ ላይ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፤ ውበት ሊጠብቅ ሲችል አልጠበቀም። ዜማው በደረሰ ጊዜ ያ ሁሉ ትግል እንደተፈታ ሰው ጣቱ ይለሰልሳል፤ ዋሽንቱ ሲገባ ፒያኖው ከመድረኩ ፊት ወደ ጎን ፈቀቅ ያለ ይመስላል። የተጻፈውን እየተጫወቱ እንዳልተጻፈ ማድረግ ይቻላል፤ ታማኝነትም ያ ነው። ሌቪን ያንን ነጻነት ለማግኘት ከኖታው መውጣት ነበረበት፤ ሰርኪን እዚያው ኖታው ውስጥ አገኘው።

ቃል የሚመጣው ዘግይቶ ነው። 20 ደቂቃ ገደማ በሚወስደው ሥራ ውስጥ መዘምራኑ የሚሰሙት በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ሴቶች፣ ከዚያ ሦስት ወንዶች፣ በመጨረሻ ሁሉም። የቤትሆቨን ተማሪ ካርል ቸርኒ ግጥሙ የክሪስቶፍ ኩፍነር መሆኑንና ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ለዜማው የተጻፈ መሆኑን ተናግሯል፤ የቤትሆቨን ተመራማሪ ጉስታቭ ኖተቦም ግን በኩፍነር ደራሲነት አልተስማማም። የግጥሙ መልእክት ሙዚቃና ቃል ሲገናኙ ጨለማና ማዕበል ወደ ብርሃን ይለወጣሉ፣ ፍቅርና ኃይል ሲጣመሩ የአማልክት ሞገስ ሰውን ይክሳል የሚል ነው። «ኃይል» በሚለው ቃል ላይ መዘምራኑ ድንገት ወደ ሩቅ ኮርድ ተሻግረው ይዘልቃሉ፤ ከፋንታሲው ሁሉ የሚያስደነግጠው ቅጽበት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ሃይማኖታዊ ይሆናል። በዚያው የ1808 ምሽት፣ ከፋንታሲው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከቤትሆቨን ቅዳሴ የተወሰደው «ቅዱስ» ተዘምሮ ነበር። በዚያ ጊዜ በቪየና የቅዳሴ ሙዚቃ በቴአትር ቤት በስሙ ማቅረብ ስላልተፈቀደ በማስታወቂያው ላይ የሰፈረው የቅዳሴ ክፍል ተብሎ ሳይሆን በላቲን ቃል የተጻፈ፣ በቤተ ክርስቲያን ስልት የተሠራ ተብሎ ነው። እግዚአብሔርን የሚያመሰግነው ዝማሬ ቅዳሴነቱን ደብቆ ገባ፤ ኪነ ጥበብን የሚያመሰግነው ደግሞ በግልጽ የምሽቱ ማሳረጊያ ሆነ። ጥበብ የእምነትን ወንበር ልትይዝ ትችላለች? የፋንታሲው ግጥም ትችላለች የሚል ይመስላል። ሙዚቃው ግን ከግጥሙ ይልቅ ትሑት ነው። ሙዚቃው የሚያሳየው ብቻውን የጀመረ አንድ ሰው ያገኘውን ለሌሎች ሲሰጥና እነርሱ ሲዘምሩት ነው፤ ይህን ለማድረግ አማልክትን መጥራት አላስፈለገውም።

ግጥሙ ከሙዚቃው የላላ መሆኑን ታሪኩም አሳይቷል። የምሥራቅ ጀርመንን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው፣ በኋላም የአገሪቱ የባህል ሚኒስትር የሆነው ዮሐንስ ቤከር በ1951 ለፋንታሲው ሰላምን የሚያወድስ አዲስ ግጥም ጻፈለት። ኖታው ሳይነካ ቃሉ ተለወጠ። ሙዚቃው ተሸከመው፤ ወደደም ጠላም ባለሥልጣን የጫነበትን የሚሸከም ትከሻ አለው። ይህ ጥንካሬውም አደጋውም ነው።

ኤሌን ግሪሞ ይህንን የእምነት ጥያቄ ከማንም ፒያኒስት ይበልጥ ፊት ለፊት ያነሣችው በ2003 «ክሬዶ» ብላ ባወጣችው አልበም ነው። ከመሪው ኤሳ-ፔካ ሳሎነንና ከስዊድን ሬዲዮ ሲምፎኒ ጋር የቤትሆቨንን ፋንታሲ ከኢስቶኒያዊው የሙዚቃ ደራሲ አርቮ ፔርት «ክሬዶ» ጋር በአንድ ዲስክ አስቀመጠች። የፔርትም ሥራ ለፒያኖ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ ነው። በኖቬምበር 1968 ታሊን ውስጥ በኔሜ ያርቪ መሪነት ሲቀርብ፣ ሃይማኖት በሚነቀፍበት የሶቪየት አገዛዝ ውስጥ በኢየሱስ ክርስቶስ ማመንን በአደባባይ የሚያውጅ ሥራ ነበር፤ ቁጣ አስነሣ፣ መድረክም ተነፈገው። ቃሉ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስለ ዓይን በዓይንና ክፉን በክፉ ስላለመመለስ የሚናገረው ነው። ፔርት የባክን የሲ ሜጀር ፕሬሉድ ወስዶ በጩኸት ያፈርሰዋል፤ መጨረሻ ላይ ፒያኖው ያንኑ ፕሬሉድ በጸጥታ ይመልሰዋል። ፋንታሲውም የሚያልቀው በሲ ሜጀር ነው። አንዱ ወደዚያ የደረሰው በሰው ኅብረት፣ ሌላው ክፋትን በክፋት ባለመመለስ ነው።

ግሪሞ የፋንታሲውን መክፈቻ በስሜት፣ አልፎ አልፎም ከልክ ባለፈ ዝግታ ትጫወተዋለች። እንደ አጨዋወት ከሰርኪን አይደርስም። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማኖሯ ግን ራሱን የቻለ ትርጓሜ ነው፤ ከፔርት በኋላ ፋንታሲውን ዳግም የሰማ ሰው በኪነ ጥበብ ላይ የተጣለውን ያን ሁሉ ተስፋ እንደ ቀድሞው ሳይጠይቅ አይቀበለውም።

ፋንታሲውን ገና ያልሰማ አንባቢ ከሰርኪንና ከበርንስታይን የ1962 ቅጂ ይጀምር። ቀጥሎ ሌቪን ያፈለቃቸውን መክፈቻዎች፣ ከዚያ የክሌምፐረርንና የወጣቱን ባረንቦይም ቅጂ፣ በመጨረሻም ግሪሞን ከፔርት ጋር ያድምጥ። በእያንዳንዱ ላይ ዋሽንቱ ዜማውን ሲቀበል ፒያኒስቱ የሚያደርገውን ልብ ይበል፤ በዚህ ሥራ አንዱን ፒያኒስት ከሌላው የሚለየው ዋናው ቦታ እሱ ነው።